በትልቅ ፊልም ፎቶ ማንሳት ልጀምር ነው፤ ያለችኝን ገንዘብ በምን ላይ ላውላት?

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምኖረው፤ መምህርት ነኝ። ከአክስቴ በወረስኩት የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ስሠራ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ልቤ የሸፈተው ወደ ትልቁ ነው። ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው፣ መስታወት ላይ የተገለበጠውን ምስል አስተካክለው፣ ፊልሙን አንድ በአንድ እየጫኑ የሚያነሱበትን ማለቴ ነው።

ማንሳት የምፈልገው ቤት ነው። የእንጨት ሰገነት ያላቸው፣ ቆርቆሯቸው የዛገ የደሴ አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ በአዲስ እየተተኩ ነው። በስልክ ሳነሳቸው ግድግዳው ወደ ኋላ የተጋደመ ይመስላል፤ ከተማችን ደግሞ ዳገት በዳገት ስለሆነች ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ሳያዩ ማንሳት አይቻልም። ትልቁ ካሜራ ይህን እንደሚያቀና አንብቤአለሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽም ጣሪያው ሳይቆረጥ፣ ግድግዳው ሳይጣመም ላነሳው እመኛለሁ።

ያጠራቀምኩት ገንዘብ አንድ ደህና ስልክ ቢገዛ ነው። መጀመሪያ የሚገዛው ካሜራው ነው ሌንሱ? ፊልሙን ከየት አገኛለሁ? ቤት ውስጥስ ማጠብ ይቻላል? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ መብራቱንም ታውቁታላችሁ።


ወሎዬው በአርሊንግተን

እህቴ፣ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ከካሜራው በፊት ሌንሱን አስቢ። ለ4 በ5 ኢንች ፊልም መደበኛው ሌንስ 150 ሚሊ ሜትር ነው። ሽናይደር፣ ሮደንስቶክ፣ ፉጂኖን ወይም ኒኮር ይሁን፣ ኮፓል ወይም ኮምፑር የሚባል ሻተር (ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው ክፍል) ላይ የተገጠመና ሻተሩ በትክክል የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ በሌንሱ ስም አትጨነቂ፤ ሁሉም ጥሩ ናቸው።

ከካሜራዎቹ ርካሹ በአንድ ሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው የስቱዲዮ ዓይነት ነው፤ ካምቦ፣ ቶዮ፣ ካሉሜት የሚባሉት። ስቱዲዮዎች ወደ ዲጂታል ሲዞሩ አውጥተው ስለሸጧቸው እዚህ አሜሪካ በየቦታው አሉ። ክብደታቸው ግን ከባድ ነው፤ ተሸክመሽው ጦሳ ተራራ አትወጪም። ቀለል ያለ ከፈለግሽ እንግሊዝ አገር ብራይተን ከተማ የሚሠራ ኢንትሬፒድ የሚባል የእንጨት ካሜራ አለ። ከርካሾቹ ፊልሞች አንዱ የቼኮቹ ፎማፓን 100 ነው፤ ኢልፎርድ ኤፍ ፒ 4 ይሻላል፣ ዋጋውም ይጨምራል።

ለበዓል ስመጣ ፊልም ልይዝልሽ እችላለሁ። ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ በአውሮፕላን ማረፊያዎች የገቡት አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻ ማሽኖች ፊልም ያበላሻሉ፤ በእጅ ይፈተሽልኝ ብሎ መለመን ያስፈልጋል። ፈታሹ የፊልሙን ካርቶን ብርሃን ላይ ከከፈተው ደግሞ አለቀ።


አሮጌው ጨለማ ክፍል (ደሴ)

ልጄ፣ የአርሊንግተኑ ወንድማችን የጻፈው አንድም ሐሰት የለበትም፤ ላንቺ ግን አይሆንም። በእሱ መንገድ ከሄድሽ ገንዘብሽ በሌንሱ ያልቅና ለፊልም አይተርፍሽም፤ ፊልም የሌለው ሌንስ ደግሞ ቡፌ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ነው። ቢተርፍሽም እንኳ እያንዳንዷ ቅጠል በዶላር የተገዛች መሆኗን እያሰብሽ እጅሽ ይታሰራል። እየሳሱ መማር አይቻልም። ጀማሪ ማበላሸት አለበት፤ ብዙ ለማበላሸት ደግሞ የሚበላሸው ነገር ርካሽ መሆን አለበት።

እኔ ያረጀሁት በደሴ ፎቶ ቤቶች ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። የሙሽሮችን ብጉር በሾለ እርሳስ ኔጌቲቩ ላይ ሪቱሽ እያደረግን የምናጠፋበትን ዘመን ደርሼበታለሁ፤ አሁን ስልኩ ሳይጠየቅ ፊትን ሁሉ እንደ ሸክላ ያለሰልሰዋል፤ እሱን እንተወው። የምመክርሽ ሁለት ነገር ነው። ካሜራውን አትግዢ፣ አሠሪው። ፊልሙን ደግሞ ለጊዜው እርሺውና በፎቶ ወረቀት ጀምሪ።

በወረቀት ስልሽ ማተሚያውን ጥቁርና ነጭ ወረቀት ራሱን ካሜራ ውስጥ ማስገባት ማለቴ ነው። ታጥቦ ሲወጣ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ። አዲስ ፈጠራ እንዳይመስልሽ፤ እንግሊዛዊው ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1841 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዘዴ የወረቀት ኔጌቲቭ ነበር። ወረቀት በቀይ መብራት ሥር ይቆረጣል፣ ይጫናል፣ ይታጠባል፤ ምስሉ ሲወጣ በዓይንሽ እያየሽ ነው። ፊልም ግን ድፍን ጨለማ ይፈልጋል፤ ጀማሪ በጨለማ ውስጥ ምን እንደሠራ አያውቅም።

አሁን ወደ ልኩ። ሁሉም ሰው 4 በ5 ኢንች ይልሻል። ካሜራውን የምታሠሪው አንቺ ከሆንሽ ግን 9 በ12 ሴንቲ ሜትር አድርጊው። የድሮ የአውሮፓ ልክ ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ የፎቶ ወረቀት በ18 በ24 ሴንቲ ሜትር ይሸጣል፤ በመስቀል ሁለት ጊዜ ቆርጠሽ አንዱ ቅጠል ልክ አራት ይወጣዋል፣ የሚጣል ቁራጭ የለም። በፕላስቲክ የተለበጠውን ወረቀት ምረጪ፤ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው እሱ ነው፣ ኬሚካሉ በጥቂት ደቂቃ ውሃ ይለቀዋል።

ሳጥኑን ማንም አናጢ ይሠራዋል። ወናፍ የለው፣ ሐዲድ የለው። ከኮምፔንሳቶ ሁለት ሳጥን፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ የሚንሸራተት። ከፊተኛው ሌንሱ፣ ከኋለኛው መስታወቱ። ውስጡን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀቢው፤ በሚንሸራተትበት ጠርዝ ላይ ጥቁር ከፋይ በኮላ አስለጥፊበት፣ ብርሃን እንዳይሰርቅ። ሌንሱ የተተከለበትን ሰሌዳ ግን በሚስማር አታስመቺው፤ ሽቅብ ቁልቁል እንዲንሸራተት በሁለት ስንጥቅ ውስጥ ይግባ። የጠየቅሽው የግድግዳ ነገር መልሱ ይህች ሰሌዳ ናት። ሳጥኑን ሽቅብ ስታጋድሚ ነው ግድግዳው የሚጋደመው። ሳጥኑን ቀጥ አድርገሽ አቁመሽ፣ በውሃ ልክ ለክተሽ፣ ሌንሱን ብቻ ከፍ ብታደርጊው ጣሪያው ይገባል፣ ግድግዳውም ቀጥ እንዳለ ይቀራል። የመስጊድ ሚናራም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት በዚሁ ነው የሚነሳ።

ሌንሱን መነጽር ቤት ሂጂና ያልተቆረጠ፣ ቀለም የሌለው ፕላስ ስድስት ሌንስ ስጡኝ በይ። 1,000ን በቁጥሩ ብታካፍዪ ሌንሱ የሩቁን ምስል የሚያጠራበትን ርቀት በሚሊ ሜትር ታገኛለሽ፤ ፕላስ ስድስት 167 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለ9 በ12 መደበኛው 150 ስለሆነ በጣም ቅርብ ነው። የሌንሱ ጎድጓዳ ጎን ወደ ውጭ ይዙር፤ ከፊቱ ትንሽ ራቅ አድርገሽ አምስት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ጥቁር ካርቶን አስቀምጪ፤ ኤፍ 32 ገደማ (የሌንሱ ርቀት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል ማለት ነው) ይሆንልሻል። ቀዳዳውን አሰፋለሁ እንዳትዪ። ባለ አንድ መስታወት ሌንስ ሰማያዊውንና ቢጫውን ብርሃን አንድ ቦታ አያሳርፍም፤ ዓይንሽ የሚያጠራው በቢጫው ነው፣ ወረቀቱ የሚያየው ግን ሰማያዊውን ነው። ቀዳዳው ሲጠብ ልዩነቱ ይዋጣል። ለማጥራት ብቻ ካርቶኑን አንሺውና ምስሉ ደመቅ ሲል አስተካክለሽ መልሺው።

ጦሳን ስታነሺ ከሌንሱ እስከ መስታወቱ 16.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ስታነሺ ሳጥኑ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይሳባል። ሲሳብ ብርሃኑ ይሳሳል፤ 20ን ለ16.7 አካፍለሽ ውጤቱን በራሱ አባዢው፣ 1.4 ይመጣል። ብርሃን የምታስገቢበትን ጊዜ በዚያ ታበዢዋለሽ።

ሻተር አያስፈልግሽም። የወረቀት ፍጥነት፣ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ማለቴ ነው፣ በአይ ኤስ ኦ መለኪያ ከ3 እስከ 6 ነው። በኤፍ 32 ሙሉ ፀሐይ ላይ አንድ ሰከንድ ገደማ፣ በደመና አምስት ወይም ስድስት ሰከንድ ይወስዳል። ክዳን አንሺ፣ ቁጠሪ፣ ክደኚ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ግን ቤትሽ ተቀመጪ፤ ወረቀት ጨለማና ብርሃን ሲራራቁ አይወድም፣ ወይ ግድግዳው ይነጣል ወይ በረንዳው ይጠቁራል። ስስ ደመና ያለበት ጠዋት ነው ጥሩው፤ ደሴ ደግሞ ደመና ሞልቷል። ሁለት ነገር ደግሞ እወቂ። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ በጦሳ ላይ የተከመረ ዳመና አነሳለሁ ብለሽ አትድከሚ። የሰው ፊት ደግሞ ካለው ጠቆር ብሎ ይወጣል፤ ወረቀቱ ቀይና ቡናማ አያይም፤ ስለዚህ ሰው ስታነሺ ጊዜውን በግማሽ ጨምሪለት።

ሻካራውን መስታወት ራስሽ ትሠሪዋለሽ። መካኒኮች የሞተር ቫልቭ የሚፈጩበት ሻካራ ቅባት አለ፤ ጥቂት ለምነሽ፣ ሁለት ስስ መስታወት መሐል ከውሃ ጋር አድርገሽ እያዞርሽ አሺው። መጀመሪያ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሺ፣ እጅሽን እንዳይቆርጥሽ። የተፈጨው ገጽ ወደ ሌንሱ ነው የሚዞረው። በመስታወቱ ቦታ የወረቀቱ መያዣ ሲገባ ወረቀቱ የሚያርፍበት ቦታ የተፈጨው ገጽ ከነበረበት ቦታ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ለዚህ ብቻ አናጢውን አትመኚው፣ በራስሽ ማስመሪያ ለኪው።

ማጠቢያውን፣ ምስሉን የሚያወጣውን ፈሳሽ፣ በተመለከተ ካልጠፋ ነገር ቡና ይሠራል። አዎ፣ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ያደገ ሰው ስለ ፈጣን ቡና መልካም ነገር ለመናገር መገደዱ ያሳዝናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ውሃ አልባ ሶዳ አሽ፣ 16 ግራም የቫይታሚን ሲ ዱቄት፣ 40 ግራም ፈጣን ቡና። በዚሁ ቅደም ተከተል አሟሚው። ከቡናውም ርካሹና መራራው ሮቡስታ ነው የሚሻለው፤ የእኛ አረቢካ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፣ አትድፊው። ሶዳ አሽ ካጣሽ የዳቦ ቤኪንግ ሶዳ 86 ግራም መዝነሽ በብረት ምጣድ ላይ እያማሰልሽ በደንብ አግዪው፤ ውሃውና ጋዙ ሲወጣ ወደ 54 ግራም ይወርዳል፣ ያው ሶዳ አሽ ሆነ ማለት ነው። በእንጀራ ምጣድ ላይ ግን አታድርጊው፤ እናትሽ ከቤት ታስወጣሻለች፣ ልክም ናት።

ወረቀቱን በቀይ መብራት ሥር ሳፋ ውስጥ እያወዛወዝሽ ምስሉ እስኪሞላ ጠብቂ፣ በውሃ አለቅልቂ፣ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ክተቺ። ቀዩ መብራት በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ ያኔ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ሥራሽ አይቆምም። የደረቀውን ኔጌቲቭ አዲስ ወረቀት ላይ ፊት ለፊት አጋጥመሽ፣ መስታወት ጭነሽበት፣ ከላይ ለጥቂት ሰከንድ አምፖል አብርተሽ አዲሱን ወረቀት እንደዚያው ብታጥቢው ፎቶሽ ወጣ። ማጉያ ማሽን አያስፈልግም። ትልቅ ኔጌቲቭ የመያዝ ጥቅሙ ይኸው ነው።


ራጅ ክፍል (ኮምቦልቻ)

ጋሼ የተናገሩትን አልነካም፤ ከወረቀት በኋላ ለሚመጣው ግን አንድ ነገር ልጨምር። የራጅ ፊልም ከፎቶ ፊልም እጅግ ይረክሳል፣ 18 በ24 ሴንቲ ሜትር የሚባል ልክም አለው። እሱም እንደ ወረቀቱ ለአራት ይቆረጣል። ለአረንጓዴ ብርሃን የተሠራውን ዓይነት ካገኘሽ በቀይ መብራት ሥር መሥራት ትችያለሽ፤ በአይ ኤስ ኦ 80 ገደማ ብለሽ ጀምሪ።

ተጠንቀቂ፤ አሁን ብዙ ቦታ ያለው በደረቅ ማተሚያ የሚሠራ ፊልም ነው። መልኩ ያሳስታል፤ ማጠቢያ ውስጥ ቢከቱት ግን ምንም አይወጣውም። በፈሳሽ የሚታጠብ መሆኑን ካርቶኑ ላይ አንብቢ። ከሕክምና ተቋምም የታካሚ ፊልም በትውውቅ እንዳትወስጂ፤ ጊዜው አልፎበት የሚወገድ ካለ በደብዳቤ ጠይቂ።

የራጅ ፊልም ሁለቱም ገጹ የተቀባ ስለሆነ እርጥብ ሳለ ጥፍር ከነካው ይቧጨራል። በሳፋው ወለል ላይ ልሙጥ መስታወት አንጥፊ፣ አንድ በአንድ እጠቢ። ለራጅ የሚሆነው ማጠቢያ ለዚህ ሥራ በጣም ኃይለኛ ነው፤ የጋሼ ቡና ወይም የቀጠነ ሮዲናል የሚባል የፊልም ማጠቢያ ይሻላል። ፊክሰሩ ግን ያው ነው፣ ይሠራል።

ስለ ሙቀት። ቀመሮቹ በሙሉ የተጻፉት ለ20 ዲግሪ ነው፤ ፊልም በቡናው 15 ደቂቃ የሚወስደውም በዚያ ሙቀት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። እኔ ጀሪካኔን ጥላ ውስጥ አቆያለሁ፣ አንቺ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ትንሽ የፈላ ውሃ መቀላቀል አለብሽ። ቴርሞሜትር ግዢ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በዓይን የማይገመተው እሱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ፊክሰሩን ከፊልሙ ለማለቅለቅ የሚፈስ ውሃም አያስፈልግሽም፤ በተዘጋ ዕቃ ውሃ ሞልተሽ አምስት ጊዜ ገልብጪ፣ ቀይሪ፣ አሥር ጊዜ፣ ቀይሪ፣ ሃያ ጊዜ። በዚህ ያልቃል።

ያገለገለውን ፊክሰር በውስጡ ብር ስላለ ቦይ ውስጥ አትድፊው። ከደሴ የሚደፋው ሁሉ በቦርከና ወደ እኛ ነው የሚወርደው። በጀሪካን አጠራቅሚው።


የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት መነጽር ቤትም አናጢም ሰፈሬ አሉ፤ ቅዳሜ እጀምራለሁ። ወንድሜ ከአርሊንግተን፣ ፊልሙ ይቆየኝ፤ ከቻልክ ግን 18 በ24 የሆነ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አንድ ካርቶን ያዝልኝ፣ ዋጋውን እልካለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። በዚህ ዘመን ሳጥን በሦስት እግር ላይ አቁሜ ጨርቅ ስከናነብ ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ ይህ ሳጥን ነገ ፊልም ልጫንበት ብል ይሆናል ወይስ እንደገና ሌላ ላሠራ ነው?


አሮጌው ጨለማ ክፍል (ደሴ)

ሰው ምን ይልሻል? ይሰበሰብብሻል። ልጆቹን በየተራ ጨርቁ ውስጥ አስገቢያቸው፤ ጎረቤታቸውን ተገልብጦ ሲያዩት ወዳጆችሽ ይሆናሉ፣ ዕቃሽንም ይጠብቁልሻል። የቤቱን ባለቤት ግን ቀድመሽ አንኳኪ፤ ቡና ካቀረቡልሽ ጠጪ፣ ከሁለተኛው ዙር በፊትም አትነሺ። የመንግሥት ግቢና ድልድይ ያለ ፈቃድ ደብዳቤ አታንሺ፤ አይጠየፍም ከመሄድሽ በፊት የባህልና ቱሪዝም ሰዎችን ጠይቂ።

ሳጥኑ ለፊልም ይሆናል፣ የመነጽሩ ሌንስ ግን አይሆንም። ፊልም በ100 ፍጥነት፣ በኤፍ 32፣ በፀሐይ ላይ የሚፈልገው ከሰከንድ 25ኛ እጅ ነው፤ ክዳን በእጅ አንስቶ መልሶ በዚያ ፍጥነት የሚከድን ሰው አላየሁም። ያኔ ነው የወንድማችን ምክር የሚሠራው። ሌንስና ሻተሩን ያምጣልሽ፣ ካሜራውን እዚያው ይተወው። ለ4 በ5 የሚሆነው 150 ለአንቺ 9 በ12 ይተርፈዋል፤ የሌንሱን ሰሌዳ ሽቅብ ስትስቢው ማዕዘኑ አይጠቁርብሽም። አናጢውን ከአሁኑ ሁለተኛ ሰሌዳ ቁረጥልኝ በይው፣ እንዳይበሳው ግን። ሻተሩ ኮፓል ቁጥር 0 ከሆነ ቀዳዳው 34.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቁጥር 1 ከሆነ 41.6፤ የትኛው እንደሚመጣ ገና አታውቂም።